ከዳሎል በሰላም ከተመለሰ ቤተሰብ የቀረበ ምስጋና

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ስለገባ ታሪኩን አልደግመውም። አዎ፣ መኪናው አሸዋ ውስጥ ተቀርቅሮ አድረናል። አዎ፣ «በቀኝ እንታጠፍ» ያልኩት እኔ ነኝ። «በሚያዝያ ማን ዳሎል ይሄዳል?» ላላችሁን ሁሉ፣ እኛ። ሰው በኅዳርና በታኅሣሥ እንደሚሄድ ተነግሮኝ ነበር፤ ግን የልጆቹ ትምህርት ቤት የተዘጋው ለፋሲካ ነው፣ የባለቤቴ ወንድምም ከዳላስ የመጣው ያን ሰሞን ነው።

ከሁሉ በፊት ፈጣሪ ይመስገን። ቀጥሎ ሹፌራችን። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። «እናንተን ጭኜ እንደነበር ከታወቀ ደንበኛ ይሸሸኛል» ነው ያለኝ።

ወንድሜ፣ ያንን ሁሉ ትዕግሥት ከየት እንዳመጣኸው እስካሁን እቤት እንነጋገርበታለን። ከሰመራ ስንነሳ እናቴ ጋቢዋን ተሸክማ ስትመጣ አልሳቅህም። «እማማ፣ ይሄ እንኳ እዚህ ቢቀመጥልዎ» አልካት በትሕትና። «በረሃ ሌሊት ይበርዳል» ብላ ይዛው ገባች። ሌሊት የሚበርደው ሌላ በረሃ ኖሯል። በፈረንጆቹ ከ1960 እስከ 1966 ዳሎል ላይ የተለካው አማካይ ሙቀት፣ ሌሊቱም ብርድ የሚባለው ወራትም ተደምሮ፣ 34.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ይህን ያነበብኩት ከተመለስን በኋላ ነው። ባለቤቴ «በኋላ» የሚለውን አስምርበት ብላኛለች።

ካልሲህን መቼም አንረሳውም። ውሃው እንደ ሻይ ሞቆ ልጆቹ አንጠጣም ሲሉ፣ ከሻንጣህ አንድ ካልሲ አውጥተህ ጠርሙሱን አለበስከው፣ አርሰህም መስኮቱ ላይ አሰርከው። ነፋሱ እርጥበቱን እያደረቀ ሲወስድ ሙቀቱንም አብሮ እንደሚወስድ፣ የእረኞቹ የፍየል ቆዳ ውሃ መያዣም ስለሚያልብ እንዲሁ እንደሚቀዘቅዝ አስረዳኸን። የሰባት ዓመቷ ልጄ ሳይንሱን ተቀበለች፤ ካልሲውን አልተቀበለችም። አንድ ሰዓት ያህል ተኮሳትራ ቆየች። ከዚያ በኋላ ግን ከዚያ ጠርሙስ ሌላ አልጠጣም አለች፣ እኛም እንዳንነካባት ታቅፋው ተቀመጠች።

ልጄን እንዲህ ላደረክልኝ ሰው ምን ተብሎ ይጻፋል? ይኸው እዚህ ላይ ደርሼ ሁለት ቀን ትቼው ነበር።

ወደ ኤርታሌ ስንታጠፍ አንተ በግራ ስትል እኔ ስልኬን ይዤ በቀኝ አልኩ። አሸዋው ሲውጠን «አላልኩህም?» የሚል ቃል ከአፍህ አልወጣም። የጎማዎቹን ነፋስ ቀነስክ፣ ቆፈርክ፣ ድንጋይ ደረደርክ። ኔትወርክ የሚባል የለም። ድንገት አንድ ግመል ጠባቂ ብቅ ሲል ግን ፊትህ በራ። ተቀምጣችሁ ዳጉ ጀመራችሁ። አፋር መንገድ ላይ ከተገናኘ ያየውንና የሰማውን ሳይነጋገር እንደማይተላለፍ በወሬ እናውቅ ነበር፤ እኛ በፀሐይ እየተጠበስን ሲሆን ግን ረዘመብን። የባለቤቴ ወንድም «ስለ ግመል ጤና ነው እንዴ የሚያወሩት?» እያለ አማረረ። ወሬው ከሰው ሰው ተቀባብሎ መድረሻውን አገኘ፤ ንጋት ላይ አካፋ የያዙ ወጣቶች ከተፍ አሉ። ስንት ሰው እንደሆንን፣ አሮጊት እንዳለችን፣ በቀኝ ያስኬደው ማን እንደሆነ ሁሉ ያውቃሉ።

እነዚያ ወጣቶች፣ አጅበውን የሄዱት የጸጥታ አባላት፣ ሰመራ ላይ ግሉኮስ የሰጡን የጤና ባለሙያዎች፣ የጸለያችሁልን ጎረቤቶችና የእድራችን አባላት፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን።

ግሉኮሱ ለእናቴ አልነበረም። «ሙቀት? እኔ እኮ ከዳላስ ነኝ!» ላለው ለአጎት ነው። ከዳላስ እስከ ዳሎል ስሙ ቢቀራረብም፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ወርዶ ጨው ሜዳ ላይ መቆም ሌላ ነገር ነው። አሞሌ የሚጭኑት ነጋዴዎች ዘንድ ስንደርስ አንዲት ግመል ጥላ ሥር ቁጭ አለ፤ ግመሏ ፈቀቅ ባለች ቁጥር አብሯት ፈቀቅ ይል ነበር። ሳትረግጠው ስለተወችው እሷም ትመስገን።

እናቴማ የዳሎልን ቢጫና አረንጓዴ ስታይ «ይህን ሁሉ እርድ ማን ደፋው?» አለች። ድኝ መሆኑን ስነግራት አማተበች፣ «ሲኦልን በቁሜ አሳየኸኝ» ብላም መረቀችኝ። ምርቃት መሆኑን እጠራጠራለሁ። የእንጦጦ ጠበሏ ሞቀ፣ ድፎው በሁለት ሰዓት ድርቆሽ ሆነ፣ እሷ ግን ምንም አልሆነችም።

አፍዴራ አጠገብ ቤቷ ያስገባችን እናት፣ ስምሽን በትክክል መያዝ ስላልቻልኩ ይቅርታ። እናቴን ምንጣፍሽ ላይ አስተኝተሽ የፍየል ወተት አጠጣሻት። አንቺ በአፋርኛ፣ እሷ በአማርኛ፣ ሙሉ ከሰዓት አወራችሁ፤ እሷ እስካሁን «ልጇን ድራለች፣ እግሯን ያማታል» እያለች ስለ አንቺ ትነግረናለች። ጋቢው አንቺ ጋ የቀረው ተረስቶ አይደለም።

ያልጠራኋችሁ በርካታ ናችሁ፤ ጭንቅላቴ ገና አልቀዘቀዘም፣ በጨዋ ልማዳችሁ እለፉኝ። ልትጠይቁን የመጣችሁ ሁሉ የምትረግጡት ሳሎን በር ላይ ያለው አሞሌ እናቴ ተሸክማ ያመጣችው ነው። አያቷ ገንዘብ ነበር ብለዋት ስላደገች፣ እየሸረፋችሁ ስትወስዱ ትቆጥራለች።

ወንድሜ፣ ካልሲህ እኛ ጋ ነው። ታጥቧል። ልጄ ግን ለመመለስ ገና አልተስማማችም።