200 ዶላሩ ምንን ቆጥሮ ነው?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ በኪነ ጥበብ ዓምድ ሥር «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» ስለተባለው የኡጋንዳ የድብድብ ፊልም የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ፊልሙን በቅን ልቡና እንዳስተዋወቁን አልጠራጠርም። ሆኖም «በ200 ዶላር ብቻ» የምትለዋ ሐረግ በአንድ ገጽ ውስጥ አራት ጊዜ ተመላልሳለች፤ በማሳረጊያውም የእኛ አገር ፊልም ሠሪዎች በገንዘብ እጥረት ማመካኘታቸውን እንዲተዉ ተመክረዋል። በኤዲቲንግ ሥራ ዐሥራ አንድ ዓመት የቆየሁ እንደመሆኔ፣ ስለዚህች ቁጥርና ስለ ምክሩ ጥቂት ለማለት ይፈቀድልኝ።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሲሆን የሠሩት ናብዋና አይ.ጂ.ጂ. ናቸው። ናብዋና በካምፓላ ዋካሊጋ በሚባለው የድሆች ሰፈር ጡብ እየሠሩ ይኖሩ የነበሩና እ.ኤ.አ. በ2005 ራሞን ፊልም ፕሮዳክሽንስን በገዛ ግቢያቸው ያቋቋሙ ሰው ናቸው፤ የድርጅቱ ስም ራሱ ከሁለቱ አያቶቻቸው፣ ከራሔልና ከሞኒካ፣ ስም ተቆራርጦ የተገጠመ ነው። የፊልሙ ወጪ ከ200 ዶላር በታች እንደነበረ ይነገራል። ልክ ነው እንበል። ግን ምኑ ምኑ ተቆጥሮ ነው?

ፊልሙ የተቀናበረበት ኮምፒውተር ናብዋና ከአሮጌ ዕቃ ለቃቅመው ራሳቸው የገጣጠሙት ነው። መትረየሶቹን ዳውዳ ቢሳሶ የተባሉ ባለሙያ ከቁርጥራጭ ብረት በይደው ሠርተዋቸዋል። ደሙ የላም ደም ነበር፤ በኋላ ላይ በቀለም ተተካ፤ በኮንዶም ተሞልቶ በልብስ ሥር ከታሰረ በኋላ ጥይቱ «ሲያገኘው» ይፈነዳል። ኩንግፉ የሚመቱት ልጆች የዚያው ሰፈር ልጆች ሲሆኑ፣ የሚገለበጡትም ፍራሽ በሌለው ደረቅ መሬት ላይ ነው። ተዋናዮቹ ደመወዝ አልነበራቸውም። ፊልሙ ሲያልቅ ሕገ ወጥ ቀጂዎች ሳይቀድሟቸው ዲቪዲውን ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ ይሸጡና ከሽያጩ ድርሻቸውን ያገኙ ነበር። እንግዲህ የብየዳው ቀን፣ የልምምዱ ወራት፣ የዲቪዲው ዙረት በ200 ዶላሩ ውስጥ የሉም። ያ ገንዘብ ከኪስ የወጣው ብቻ ነው፤ የተረፈውን ሂሳብ የሰፈሩ ሰው በጉልበቱ ሸፍኖታል።

ይህን የማነሳው ነገሩ በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ፕሮዲዩሰር፣ ስማቸውን መጥቀስ አያስፈልግም፣ የሦስት ደቂቃ የተኩስ ትዕይንት አቀናብሬ ነበር። ሥራውን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፤ ባዶ የእንጨት ጠመንጃ ይዞ የሚንቀጠቀጥ ተዋናይ እሳት የሚተፋ የሚመስለው ኤዲተሩ በያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው በተሠራበት ነጠላ ምስል፣ ላይ ብልጭታ ሲያስቀምጥለት ነው። አንድ ሴኮንድ 25 ፍሬም ነው። ተዋናዩ እጁን ባነቃነቀ ቁጥር ብልጭታው ከአፈሙዙ ጋር መሄድ አለበት፤ አለበለዚያ እሳቱ ከትከሻው ወይም ከጆሮው ሲወጣ ይታያል። በመካከል መብራት ጠፍቶ ያልተቀመጠ ሥራ ከጠፋ ደግሞ እንደገና ከሀ መጀመር ነው። አራት ሌሊት ፈጀብኝ። ሂሳቤን ስጠይቅ ፕሮዲዩሰሩ ስልካቸውን አውጥተው የናብዋናን ፊልም ከፈቱልኝና «ይኸው፣ ሰውዬው ሙሉውን ፊልም በ200 ዶላር ጨርሶታል» አሉኝ። የተስማማነውን ግማሽ ከፈሉኝ። ስለዚህ ያቺ ቁጥር ጋዜጣ ላይ ስትወጣ የት የት እንደምትደርስ እኔ አውቃለሁ።

እዚያው ስልክ ላይ ያየሁት ሄሊኮፕተሩ ካምፓላን በቦምብ የሚደበድብበትን ትዕይንት ነበር። እቤቴ ገብቼ እያቆምኩ እያስኬድኩ በድጋሚ አየሁት። የሄሊኮፕተሩ ጠርዝ ተቆራርጧል፣ ፍንዳታው ከሕንፃው ጋር አይገጥምም፤ ሰው የሚስቀውም በዚህ ነው። ይሁንና ሕንፃው ሲፈርስ ጭሱ የሚነሣበትን ቦታ፣ ሰዉ ቀና ብሎ የሚያይበትን አቅጣጫ ናብዋና አስበውበታል። ትዕይንቶቹ የተቆረጡበት ቦታም ልክ ነው፤ እግር ሲሰነዘር፣ ሰው ሲወድቅ፣ ሌላው ሲሮጥ ዓይን አይደናገርም። በብዙ ገንዘብ ተሠርተው ማን ማንን እንደመታ የማይለዩ ፊልሞችን አይቻለሁ፤ አንዳንዶቹንም፣ ሳልደብቅ ልናገር፣ ያቀናበርኩት እኔ ነኝ።

የጽሑፋችሁ ሁለተኛ ስሕተት ከፊልሙ ጀርባ የሚጮኸውን ድምፅ የሚመለከት ነው። ጸሐፊው «በኢንተርኔት ላይ ለመሳለቂያ የተጨመረ» ብለውታል። ድምፁ የቪጄ ኤሚ ነው። ቪጄ ማለት በኡጋንዳ ቢባንዳ በሚባሉት የቪዲዮ ቤቶች ቆሞ የውጭ አገር ፊልሞችን በሉጋንዳ እየተረጎመ፣ እየቀለደ፣ ተመልካቹን እያሟሟቀ የሚያሳይ ባለሙያ ነው። በኮንክሪት ወለል ላይ በተደረደረ አግዳሚ ወንበር ተጣበን የካራቴ ፊልም ያየን፣ «አክተር አይሞትም» እያልን የተከራከርን የአዲስ አበባ ልጆች ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻንም። ዛሬም ትርጉም ፊልም የሚመለከት ሰው ተርጓሚው ከራሱ የሚጨምራትን ቀልድ ከፊልሙ እኩል ይጠብቃታል። ቪጄ ኤሚ «ኡጋንዳ ውስጥ ሁሉም ሰው ኩንግፉ ያውቃል» ሲል በገዛ ጎረቤቶቹ ፊልም ላይ እየቀለደ ነው፤ ከውጭ መጥቶ የሚያፌዝ ሰው አይደለም። በእንግሊዝኛ የሚናገረውም ፊልሙ ከሰፈር አልፎ የውጭ ተመልካች ስላገኘ ነው።

ያ ተመልካች የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ዩቲዩብ ላይ በተለቀቀው ማስታወቂያ ሲሆን፣ ማስታወቂያውን አይተው ከኒው ዮርክ ካምፓላ ድረስ የበረሩት አለን ሆፍማኒስ ኋላ እዚያው ኖረው ከናብዋና ጋር ሠርተዋል። የናብዋና ሌሎች ፊልሞችም ወደ ውጭ ፌስቲቫሎች ሄደዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 አንዱ በቴክሳስ ፋንታስቲክ ፌስት የተመልካቾችን ሽልማት ወስዷል፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ሌላው ቶሮንቶ ላይ ታይቷል። ጽሑፋችሁ ይህን በሚገባ ስለዘረዘረው አልደግመውም።

ያልተጻፈው ግን ለእኔ ከሁሉ ያመዝናል። የ«ካፒቴን አሌክስ» የመጀመሪያው፣ የቪጄ ድምፅ የሌለበት ቅጂ ዛሬ የለም። ሃርድ ዲስኩ ስለሞላ ለሚቀጥለው ፊልም ቦታ ለመልቀቅ ተደምስሷል። ዓለም የሚያየው ከዲቪዲ የተረፈውን ጥራቱ የወረደ ቅጂ ነው። ምስሉ ደብዛዛ የሆነው ናብዋና ካሜራ መያዝ ስላቃታቸው የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ይወቅ። አንድ ኤዲተር ወራት የለፋበትን ፋይል በገዛ እጁ ሲያጠፋ ምን እንደሚሰማው የሙያ ባልደረቦቼ ያውቁታል። እኔ ለሠርግ ቪዲዮ እንኳ ሁለት ቅጂ ካላስቀመጥኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስለዚህ ፊልምም ሆነ ስለ ሌላ «በርካሽ ስለተሠራ» ፊልም ስትጽፉ፣ ከቁጥሩ ጎን ማን ሳይከፈለው እንደሠራ፣ ዕቃው ከየት እንደተገኘ፣ ምንስ እንደጠፋ አንድ አንቀጽ ጨምሩበት።

በመጨረሻ ትንሽ እርማት። በፎቶው ሥር «ካፒቴን አሌክስ በኩንግፉ ትዕይንት» ተብሎ የተጻፈለት ሰው አሌክስ አይደለም፤ የወንድሙን ደም ለመበቀል ካምፓላ የገባው የሻዎሊን መነኩሴ ብሩስ ዩ ነው። አሌክስ ገና ቀደም ብሎ ሞቷል። ማን እንደገደለው ግን ፊልሙ አልቆም አይነገረንም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፊልም ኤዲተር
ከአዲስ አበባ