ከአዳማ የላክህልኝ ኤስኤስዲ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ነህ? ልጆች ሰላም ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሐዋሳም እንደምታውቃት ናት።

ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክህን ያላነሳሁት ተቀይሜህ ነው። ምክንያቱ ያ ከአዳማ የላክህልኝ ኤስኤስዲ፣ ፋይል የሚቀመጥበት ፈጣኑ ካርድ፣ ነው። «በሰከንድ 3,500 ሜጋባይት ያነባል» ብለኸኝ ነበር። ገጥሜ ስለካው 400 እንኳ በወጉ አልሞላም። የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ሳደርግ ምስሉ እየቆመ ይሄዳል። በቃ፣ ፎርጅድ ሸጠልኝ አልኩ። ለሰውም አወራሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አቧራ ላራግፍ የኮምፒውተሩን ኬዝ ከፈትኩት። ካርዱን ነቅዬ የተሰካበትን ስሎት በስልኬ መብራት ሳየው ክው አልኩ። ስሎቱ ረጅም ነው፤ የብረት ጥርሶቹ ግን ከአንዱ ጫፍ ጥቂት ሄደው ያልቃሉ። የቀረው ባዶ ፕላስቲክ! አራት የዳታ መስመር የሚፈልገውን ካርድ አንድ መስመር ላይ ሰክቼው ኖሯል።

ያቺም መስመር የምትመጣው ከቺፕሴቱ፣ ሌሎቹን ዕቃዎች ከፕሮሰሰሩ ጋር ከሚያገናኘው ቺፕ፣ ነው። ማዘርቦርዴ ባለ ኤች110 ቺፕሴት ነው፤ ቺፕሴቱ የሚሰጠው የመስመሮቹን የቆየ ትውልድ፣ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 2.0ን ብቻ ነው፣ ለአንድ መስመር በሰከንድ ቢበዛ 500 ሜጋባይት። ደግሞ ሃርድ ዲስኩም፣ ዩኤስቢውም፣ ኔትወርኩም ወደ ፕሮሰሰሩ የሚሻገሩት 2 ጊጋባይት ገደማ በምታሳልፍ አንዲት ድልድይ ነው። አራት መስመር ቢኖረኝ እንኳ ድልድዩ ላይ ግፊያ አለ። የላይኛው ስሎት ግን ቀጥታ ከፕሮሰሰሩ ነው፣ ፈጣኑ ትውልድ 3.0፤ አንዱ መስመር ብቻውን ወደ 985 ሜጋባይት ይደርሳል።

ግራፊክስ ካርዱን አውጥቼ ያንተን ዕቃ እዚያ ሰካሁት። 3,400 አለኝ! ቺፕሴቱ ዜድ170 ቢሆን የፕሮሰሰሩን 16 መስመር ስምንት ስምንት አድርጎ ለሁለት ስሎት ማካፈል ይቻል ነበር። ኤች110 ይህን አይፈቅድም። ስለዚህ ግራፊክስ ካርዱ መደርደሪያ ላይ ሆኖ ያየኛል። ስክሪኑን ለጊዜው የፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ይዞታል፣ ብዙም አልከፋኝ።

ያኔ «ቦርድህ ምንድን ነው?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር እኮ። እኔ «አዲስ ነው» አልኩህ። እንዲህ ተብሎ ይመለሳል?

ልደውልልህ አስቤ አፈርኩ፤ ለዚህ ነው መጻፌ። ይቅር በለኝ። ያወራሁላቸውንም ሰዎች አንድ በአንድ እየዞርኩ ነው። ከዕቃው ሒሳብ የያዝኩብህ 1,500 ብር አለ። አካውንትህ ያው የድሮው ነው?

ያንተው፣ ከሐዋሳ