ስለነዚያ 12 እጀታዎች

ውድ አብሮ አደጌ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስሽ። አንቺና ልጆቹ ደህና ናችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ጉልበቷን ትንሽ ከማመሟ በቀር ደህና ናት።

ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን እንደጠፋሁ ልንገርሽ። ተቀይሜሽ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ያ ከአሜሪካ በሰው ሻንጣ የላክሽልኝ 12 እጀታ ለኪችን ካቢኔቴ አልሆነም። “ገጠምሽው? ፎቶ ላኪልኝ” ስትዪኝ ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ። በኋላማ ስልክሽን ማንሳትም ከበደኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። በስልክ “13 ሳንቲም ተኩል” አልኩሽ አይደል? አሮጌውን እጀታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለክቼ ነው። አንቺም ያንኑ የሚያህል ገዛሽ። ርዝመቱማ ልክክ ብሏል! ለካ እጀታ የሚለካው ከአንዱ ብሎን መሃል እስከ ሌላው ብሎን መሃል ነው። የእኔ ካቢኔት 96 ሚሊሜትር ነው የተበሳው። ያንቺዎቹ 3 ኢንች፣ ማለትም 76 ሚሊሜትር ናቸው። በሁለት ሳንቲም ተላለፍን።

አናጺው “ሌላ እንብሳው” ብሎ ድሪሉን ሲያነሳ ጮህኩበት። አሮጌው ቀዳዳ ከእጀታው ሥር አፍጥጦ ሊቀር ነዋ! በእንጨትና በኮላ ቢደፈንም በሚያብረቀርቅ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ጣውላ) ላይ ጠባሳው ያስታውቃል።

እዚህ ገበያ የማገኘው ባለ 96፣ 128፣ 160፣ 192 ሚሊሜትር ነው። ሁሉም የ32 ብዜት ናቸው። የአውሮፓ ካቢኔት ፋብሪካዎች ቀዳዳ የሚደረድሩት በየ32 ሚሊሜትር ስለሆነ ነው። እናንተ ጋ ደግሞ 3 ከ3/4 ኢንች የሚባል አለ፤ ከ96 የሚያንሰው አንድ ሚሊሜትር በማይሞላ ነው። እሱን ብዬሽ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ለኪችኑ በመጨረሻ ከመርካቶ ገዛሁ። ጫፉ ወደ በሩ የታጠፈውን ነው የመረጥኩት፤ የድሮው ቀጥ ያለ ስለነበር ጫፉ ነጠላዬን እየያዘ ይጎትተኝ ነበር። ግማሽ ሲኒ የሚመስለውንም አይቼው ነበር። ያምራል፤ ግን ከውስጡ ዘይትና ሽሮ ማን ይጠርጋል? ከመግዛቴ በፊት እማዬን እዚያው ሱቅ ውስጥ እጀታውን አስያዝኳት። አራት ጣቷ ከኋላው ካልገባ ምን ይሠራል? ለቅመማ ቅመሟ ቁምሳጥን ብቻ ክብ የሆነውን፣ ባለ አንድ ብሎኑን አስገጠምኩ። እሱ የመሃል ልኬት የለውም፤ ግን ትንሽ ሲላላ እጅሽ ላይ ይሽከረከራል። የድስቱን መሳቢያ በእሱ እከፍታለሁ ብትዪ ጣትሽን ነው የምትጨርሺው።

ያንቺዎቹስ? የምሥራቹ እሱ ነው። ባለፈው ወር የመኝታ ቤት ቁምሳጥን አሠራሁ። ምንም ቀዳዳ የሌለው፣ ንጹህ በር! ካርቶን ቆርጬ ሁለት ነጥብ በ76 ሚሊሜትር ርቀት አደረግሁበት። አናጺው ካርቶኑን እየለጠፈ በሳ፤ አንዱም አልተዛነፈም።

አሥሩ ተገጥመዋል። ሁለቱ ቀሩ፤ ምክንያቱም አራት ብሎን ከዕቃ ዕቃ ሳዘዋውር ጠፋብኝ። የእኛን ባለ 4 ሚሊሜትር ሞከርኩ፤ ውፍረቱ ተቀራራቢ ነው፤ ግን ጥርሱ ስለማይገጥም ሁለት ዙር ሄዶ ይነክሳል። አስገድጄ ላበላሸው አልፈለግሁም።

ስለዚህ ሰው ስታገኚ አራት ብሎን ላኪልኝ። 8-32 በያቸው፣ የእናንተ አገር የብሎን ልክ ነው፤ ርዝመቱ 1 ኢንች። በሩ 18 ሚሊሜትር ስለሆነ እሱ ይበቃዋል። አሁንስ ደጋግሜ ለክቻለሁ!

ፎቶውን ሁለቱ ሳይገጠሙ አልልክም። ደውዪልኝ ግን፤ አነሳለሁ።

ያቺው ጓደኛሽ