ጉልበትሽ ዝም ሲል አትመኚው

የኔ እናት፣

ትናንት ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ እናትሽ "ምን አለች?" ስትለኝ "ደህና ነኝ አለች" አልኳት። ውሸት አይደለም። "ቅዳሜ የኳስ ልምምድ ልጀምር ነው" ያልሽውን ግን ዋጥኩት። ብነግራት ማታውኑ መኪና ፈልጋ ደብረ ብርሃን ትደርስብሽ ነበር። በስልክ ሳወራሽ ቶሎ ስለምትቆጪ በቴሌግራም ልጻፍልሽ። ረዘመ ብለሽ ግማሹን እንዳትተዪው።

"ምንም አያመኝም እኮ አባዬ" አልሽኝ። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። ጉልበትሽ ኦፕራሲዮን የተሠራው የካቲት ላይ ነው፤ ገና ሦስት ወር መሙላቱ ነው። አዲስ አበባ ሐኪሙ ሲያስረዳኝ አንቺ ከሰመመኑ አልነቃሽም ነበር፣ እኔ ግን እስኪሰለቸው ነው የጠየቅኩት። የተበጠሰውን ጅማት መልሰው አልሰፉትም። ከጭንሽ ጀርባ ሌላ ጅማት ወስደው፣ አጥንቱን በስተው በቦታው ተከሉልሽ። የልብስ ሰፊ ነገር፣ ወዲያው እራፊ ታየኝ። እራፊ በተሰፋ ቀን ነው ጠንካራ፣ ከዚያ እየሳሳ ይሄዳል። የጉልበቱ ግን ሌላ ነው። የተተከለው ጅማት መጀመሪያ ደም አያገኝም፣ ይደክማል። አዲስ የደም ሥር ገብቶበት ያንቺው እስኪሆን ወራት ይፈጃል። በጣም የሚደክመው ደግሞ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ወር ገደማ ነው። ልብ በይ እንግዲህ፤ እብጠቱ ጠፍቶ፣ ክራንቹን ጥለሽ፣ ደረጃውን እንደ ድሮሽ መውጣት የጀመርሽበት ጊዜ ማለት ነው።

የኔን ታውቂዋለሽ፣ ግን ሙሉውን ነግሬሽ አላውቅም። በአንቺ ዕድሜ ኳስ ስጫወት ማንም ሳይነካኝ ዞር ስል ጉልበቴ ውስጥ "ጧ" አለ። ለማታ ሱሪዬ አልወልቅ እስኪል አበጠ። ወደ ወጌሻ ወሰዱኝ። ወጌሻን አልንቅም፣ ስንቱን ውልቃት መልሶ አይተናል። የተበጠሰ ጅማት ግን በቅቤ ታሽቶ አይቀጠልም። ጥርቅም አድርጎ አሰረልኝ፣ ጣቶቼ እስኪጠቁሩ፣ እሱንም አያትሽ ናት ሌሊት የፈታችው። እግሬ ያኔ ይተርፍ አይተርፍ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ጠፋ። ዳንኩ ብዬ ሜዳ ገባሁ፣ ጉልበቴም ከዳኝ። ከዚያ ወዲህ ስንቴ እንደከዳኝ አልቆጥርም። ሰው ዳገት የሚከብደኝ ይመስለዋል፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ቁልቁለት ነው። ከጣርማበር ወደ ታች በእግር ስወርድ አሁንም ጥግ ጥጉን ይዤ ነው።

ያንቺን ሲያስረዳኝ የኔንም ጉልበት አየልኝና ሳቀ ሐኪሙ። ሁሉም ሰው አይቀደድም አለኝ። ኳስ ላልያዘ፣ ዞር ዞር ለማይል ሰው ጡንቻውን ማጠንከር ሊበቃው ይችላል። እኔ እንግዲህ ሲንጀር ለመርገጥ ኦፕራሲዮን ምን ያደርግልኛል?

ለፋሲካ ስትመጪ በሜትሬ የለካሁሽን አትርሺ። ከጉልበትሽ ሎሚ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ግራው 47፣ የተሠራው ቀኙ 43 ተኩል። ያ የጠፋው ሥጋ ነው ጉልበትሽን ደግፎ የሚይዘው። ፎጣ ጠቅልለን ተረከዝሽ ሥር አድርገን፣ ጉልበትሽን ወደ ፍራሹ እየተጫንሽ፣ እናትሽም ከጓዳ "ልጄን አታሰቃያት" እያለች ቀጥ ያደረግነውን እግር ባንድ ቅዳሜ አትበይው።

ወንድምሽ በስልኩ አንዷን አሳየኝ፣ የባርሴሎናዋን አሌክሲያ ፑቴያስን። ባሎን ዶር የወሰደች ናት። በእነሱ አቆጣጠር ሐምሌ 2022 ተበጠሰባት፣ ሜዳ የተመለሰችው ሚያዝያ 2023 መጨረሻ ላይ ነው። አስር ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ያ ሁሉ ሐኪም፣ ያ ሁሉ ማሽን እያላት! ፊዚዮቴራፒስትሽም ቢያንስ ዘጠኝ ወር ብላሻለች፣ ከዚያ በፊት የሚመለስ ዳግም የመጎዳት ዕድሉ ከፍ ይላል። ሲቆጠር ኅዳር ነው። ኅዳርም ቢደርስ ፈተናውን ሳታልፊ አይደለም። በቀኙ ብቻ ስትዘዪ የግራሽን ቢያንስ 90 በመቶ ካልሄድሽ፣ አትገቢም። ሴት ተጫዋቾች ላይ ይሄ ጉዳት ከወንዶቹ ይበዛል፣ ስለዚህ ከዝላይ ስታርፊ ጉልበትሽ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የምታሠራሽን ነገር "የልጅ ጨዋታ ነው" ብለሽ አትዝለዪው።

ቅዳሜ ሜዳ ሂጂ፣ አልከለክልሽም። ከጓደኞችሽ ጋር ተቀመጪ፣ ተሳደቢ፣ አጨብጭቢ። ኳስ ወደ አንቺ ቢመጣ በእጅሽ መልሺው። የታዘዝሽውን ሥሪ፣ በማግስቱ ጠዋት ጉልበትሽ ካበጠ አብዝተሻል ማለት ነውና ቀንሺ። ብርዱንም ተጠንቀቂ ትላለች እናትሽ፣ እሱ ከጅማት ጋር ምን እንደሚያገናኘው እኔንም አልገባኝም።

እኔም ጀምሬያለሁ። ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ ባንድ እግሬ ቆሜ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ፣ እናትሽ ቆሎ እየቆላች ትቆጥርልኛለች፣ አስር ላይ ስደርስ ሆን ብላ ከሰባት ትጀምራለች።

በወሩ መጨረሻ ጨርቅ ልገዛ ስለምወጣ አንቺ ጋ አድራለሁ። ቆሎውን ይዤልሽ እመጣለሁ። ሜትሩንም።

አባትሽ
ደብረ ሲና