በእርሳስ ለጻፍሽው ጥያቄ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የእማማስ ጉልበት ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤ እንደሚጀመረው «ካንቺ ናፍቆት በስተቀር» ብዬ ልቀጥል ስል ግን አፈርሁ፤ ናፍቆቱን ያመጣሁት እኔው ራሴ ነኝና። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትደውዪ አላነሣሁም፤ ለፋሲካ የላክሽልኝን መልካም ምኞት አይቼ እንዳላየ አለፍሁት፤ የጋራ ወዳጆቻችን ሲጠይቁኝ ደግሞ ሥራ በዝቶብኝ ነው እያልሁ ዋሸሁ። ሥራ አልነበረም፣ ኩርፊያ ነበር። የኩርፊያውን መነሻ አንቺ ረስተሽው ይሆናል፤ በልብ ወለዴ የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ፣ በ31ኛው ገጽ ኅዳግ፣ በእርሳስ የጻፍሽው አንድ አጭር ጥያቄ ነው፦ «ይህ ሰው ደሞዝ ይከፈለዋል?»

ያ ሰው በልብ ወለዴ ውስጥ የሳተላይት መከታተያ ጣቢያ በር የሚጠብቀው የሌሊት ዘበኛ ጋሽ ወርቁ ነው። ከ400 ገጽ በላይ ጽፌ፣ ስለ ሳተላይቷም ስለ ኢንጂነሯም አንድ ደግ ቃል ሳይወጣሽ፣ በር ስለሚከፍት ሽማግሌ ደሞዝ መጠየቅሽ ንቀት መሰለኝ። ሌሎቹ ማስታወሻዎችሽም ከዚያው ወገን ነበሩ። እንጨት ለቃሚዋ ስለ ሰማይና ስለ ጊዜ አንድ ገጽ ተኩል በምትናገርበት ቦታ «ይህን ሁሉ ስታወራ ሸክሟን ማን ያዘላት?» ብለሻል፤ የኢንጂነሯ ባልደረባ ሰላሙ ሲጠይቅ በሚውልበት ምዕራፍ ላይ ደግሞ «ይህ ልጅ በምን ፈተና አልፎ ተቀጠረ?» የሚል አለ። ረቂቁን በካርቶን አሽጌ ከአልጋ ሥር ወረወርሁት። ባለፈው ክረምት ቤት ስቀይር ካርቶኑ እጄ ላይ ተቀደደና፣ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርሁ፤ እስከ ማታ ያነበብሁት ግን የራሴን ጽሑፍ ሳይሆን ያንቺን እርሳስ ነበር።

ዘበኛው እኮ ከመጀመሪያውም ያንቺ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ፣ የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ስትመጥቅ በቴሌቪዥን እያየን ሳለ፣ ሁሉም ስለ ሮኬቱ ሲያወራ፣ «አሁን እንጦጦ፣ በሳተላይት ጣቢያው በር ላይ ያደረው ዘበኛ ምን እያለ ይሆን?» ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ ሰውዬውን ወሰድሁና ጥያቄውን ተውሁት።

ሤራውን ታስታውሺ እንደሆነ፣ ከእውነተኛ ነገር የተነሣ ነው። አምሳት ኦስካር 7 የምትባለው የአማተር ሬዲዮ ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ ሕዋ ወጥታ፣ በ1981 ባትሪዎቿ ተበላሽተው ዝም ካለች በኋላ፣ በ2002 ድምፅዋ እንደገና ተሰማ። ሾርት አድርጎ የነበረው ባትሪ ከዕድሜ ብዛት ጨርሶ በመቋረጡ፣ የሶላር ፓኔሎቿ ኃይል በቀጥታ ወደ ማሰራጫዋ መድረስ ቻለ ይባላል። ስለዚህ ፀሐይ ስታገኛት ትናገራለች፤ የምድር ጥላ ሲውጣት ዝም ትላለች። እኔም በምናቤ በገነባሁት የእንጦጦ ጣቢያ ላይ እንዲህ ያለች፣ ሁሉም ሞታለች ብሎ የተዋት ሳተላይት አንድ ሌሊት እንድትጣራ አደረግሁ። የተጣራችውም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር፤ ሌሊቱ ሲከብድ ደስ ስለሚለኝ ብቻ። አንቺ ደግሞ የፊዚክስ መምህርነትሽ አላስችል ብሎሽ «በዚህ ሰዓት ጥላ ውስጥ ናት፤ ባትሪ የላትም ብለሻል፤ በምን ኃይሏ?» ብለሽ ጻፍሽ። ይህኛውን ማስታወሻ እንኳ ያን ጊዜም አምኜበት ነበር። ያላወቅሁት ግን ሰዓቱን ማረም ሰዎቹን ሁሉ እንደሚያናጋ ነው።

ማሻሻሉን የጀመርሁት እንዲህ ነው። ጋሽ ወርቁ የሚታይበትን ቦታ ሁሉ ከረቂቁ ቆርጬ ለብቻው በአንድ ፋይል አከማቸሁና፣ መጽሐፉ ስለ እሱ እንደተጻፈ አድርጌ በተራ አነበብሁት። በ14 ትዕይንቶች ውስጥ አለ፤ በ11ዱ በር ይከፍታል፣ በሁለቱ ሻይ ይጠጣል፣ በአንዱ ተረት ይተርታል። ኢንጂነሯ ከግቢው ስትወጣ እሱም አብሮ ይጠፋል፤ ስትመለስ በዚያው በር፣ በዚያው ካፖርት፣ በዚያው ፈገግታ ይቆማል። ለ14 ትዕይንት ያህል ያቆምሁት ሰው አንድም ጊዜ የሚፈልገው ነገር አልነበረውም፤ ሌላው ቀርቶ እንቅልፍ እንኳ አልፈለገም።

ከዚያ በኋላ ጥያቄሽን እንደ ጥያቄ ወሰድሁትና መለስሁት፦ አይከፈለውም። የጥበቃ ሠራተኛ የሚያቀርበው ድርጅት የሁለት ወር ደሞዙን ይዞበታል፤ ምክንያቱም «በፈረቃህ ተኝተህ ተገኝተሃል» የሚል ነው። ጋሽ ወርቁ ደግሞ አልተኛሁም ባይ ነው። ነቅቶ ማደሩን የሚያስረዳለት ሌላ ምስክር ስለሌለው፣ በሌሊት የተነቃነቀውን ነገር ሁሉ ከነሰዓቱ በአንድ ባለ መስመር ደብተር ላይ መመዝገብ ይጀምራል፦ ጅብ ሲያልፍ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ጄኔሬተር ሲነሣ፣ የጎረቤት ውሻ ሲጮህ። አንድ ሌሊትም «ለሚካኤል አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ አንቴናዋ ሰው ሳይነካት ብቻዋን ዞረች» ብሎ ይጽፋል። የጣቢያው ኮምፒዩተር ውስጥ የአሮጊቷ ሳተላይት ስም ከዝርዝሩ ሳይሰረዝ ቀርቶ ኖሮ፣ አንቴናዋ ልማዷን ጠብቃ እየተከታተለቻት ነበር። እሱ ይህን አያውቅም፣ ማወቅም አይፈልግም፤ እሱ የሚፈልገው የሁለት ወር ደሞዙን ነው። ሤራው ግን ከዚህች መስመር ላይ ተንጠለጠለ።

ይህን ከጻፍሁ በኋላ ሰዓቱ ራሱ ሌላ በር ከፈተልኝ። ሳተላይቷ ፀሐይ ማግኘት ስላለባት ጥሪዋን ወደ ንጋት፣ ወደ 11 ሰዓት አመጣሁት፤ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ላለ ነገር፣ እኛ ገና ጨለማ ውስጥ ሳለን ፀሐይ ታበራለታለች። እዚህ ላይ ልብ በይ፦ ያቺ አንዲት ቅጽበት በዘበኛው ደብተር 11 ሰዓት ናት፣ በኢንጂነሯ ስልክ 5 ሰዓት ናት፣ በጣቢያው ኮምፒዩተር ደግሞ፣ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚሠራ፣ 2 ሰዓት ናት። ኢንጂነሯ በሜሪላንድ ያደገች ልጅ ስለሆነች 11 የሚለውን በፈረንጅ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት በፊት ያለው 11 ይመስላታል፤ ሦስት ሰዓት ቀንሳ በመዝገቡ ላይ 20 ሰዓትን ትፈልጋለች፤ ባዶ ነው። ሽማግሌው አልሟል ብላ ደብተሩን ትመልስለታለች። እሱ ግን ከመላው መጽሐፍ አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጣል፤ አልሟል መባል ማለት ተኝቷል መባል ነውና። ቀድሞ ይህን ትዕይንት ስጽፈው ጋሽ ወርቁ ምሥጢራዊ ፈገግታ አሳይቶ ይሄድ ነበር። አሁን ደብተሩን ነጥቆ «ልጄ፣ አንቺ አታውቂውም እንጂ ይኼ የወር አስቤዛዬ ነው» ይላታል። ይህች ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደ መጣችልኝ አላውቅም፤ ስጽፋት ግን እኔም ቆም ብዬ ሰውዬውን አየሁት።

ስለ እንጨት ለቃሚዋ ስለ ወይዘሮ ዘነበች የጻፍሽው ደግሞ ከቤት አስወጣኝ። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው መንገድ ዳር ሦስት ማለዳ ተቀመጥሁ። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች አንቺም እኔም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃቸዋለን፣ ወይም የምናውቃቸው ይመስለናል። ሴትዮዋ ስትደክም ሸክሟን መሬት እንደማታወርደው ግን አላስተዋልሁም ነበር። አንዴ ካወረደችው ብቻዋን መልሳ ማንሣት አትችልም፤ ስለዚህ ከወገቧ ትንሽ ከፍ የሚል የድንጋይ ካብ ወይም የመንገድ ቁልል ፈልጋ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ሸክሙን እንደታዘለ ታሳርፈዋለች። ያን ጊዜ ብቻ ትናገራለች። ስትናገርም ገመዱ ደረቷን ስለያዘው ሦስት ቃል ብላ ትንፋሽ ትወስዳለች፣ ሁለት ቃል ብላ ደግሞ ዝም ትላለች። ያ የአንድ ገጽ ተኩል ንግግር በአንድ ትንፋሽ አይባልም ነበር ማለት ነው።

እቤት ገብቼ ንግግሩን ሙሉ በሙሉ አወጣሁት። አሁን ኢንጂነሯ «አንቴናዋ ስትዞር አይተዋል ወይ?» ብላ እየተከተለች ስትጠይቃት፣ ዘነበች ካቡ እስኪደርስላት ድረስ አትመልስም፤ አንባቢውም አብሮ ይጠብቃል። ከደረሰች በኋላ የምትለው ይህ ብቻ ነው፦ «አይቻለሁ... ሁልጊዜ ትዞራለች... እኔ ስወጣ።» ሁልጊዜ የሚለው ቃል ኢንጂነሯን ያስደነግጣታል፤ ምክንያቱም ነገሩ የአንድ ሌሊት አጋጣሚ እንዳልሆነ፣ ሳተላይቷ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ሰሚ አጥታ ስትጣራ እንደነበር የሚነግራት ይህ ቃል ነው። የፍልስፍና ንግግር ያልሠራውን አንድ ቃል ሠራው። ዘነበች ወደዚያ ተራራ በጨለማ የምትወጣው ጥበብ ልታካፍለን ሳይሆን፣ የጫካ ጥበቃዎች ሳይነቁ ለቅማ ለመውረድ ነው፤ ይህንንም የነገረኝ ያው ወደ 11 ሰዓት የተዛወረው ሰዓት ነው።

ሰላሙ ከሁሉም አስቸገረኝ። ምልልሱን ለይቼ ስቆጥረው ከ63 ዓረፍተ ነገሮቹ 41ዱ ጥያቄዎች ሆነው አገኘኋቸው። «ሳተላይቷ በሰከንድ ስንት ትሄዳለች?» ይላል፤ ኢንጂነሯም «ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል» ትላለች፤ ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ላይ የተለየ ፈተና አለ፤ ስለ መሣሪያው ለአንባቢ መንገር ስላለብን አንድ ምስኪን ሰው እንቀጥርና ጆሮ እናደርገዋለን። አንዳንዴም ጆሮውን ሕፃን ወይም ባላገር አድርገን ጥፋቱን እንሸፋፍነዋለን፤ ጥያቄዎቹን ለጋሽ ወርቁ ላስተላልፍ አስቤ ነበር፣ ግን ያው በሌላ ስም የተደገመ በደል መሆኑን ሳውቅ ተውሁት። ሰላሙን መሰረዝም ሞከርሁ፤ ጣቢያው ባዶ ሆነብኝ።

በመጨረሻ የጄኔሬተሩን ናፍጣ ኃላፊነት ሰጠሁት። ሳተላይቷ ምድርን በመቶ ደቂቃ ገደማ ትዞራለች፤ ከጣቢያው በላይ የምትታየው ግን ለ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ኢንጂነሯ በየንጋቱ ጄኔሬተሩ ተነሥቶ እንዲጠብቃት ትፈልጋለች፤ ሰላሙ ደግሞ ለ10 ደቂቃ ብሎ የሁለት ሰዓት ናፍጣ ማቃጠሉን በወር መጨረሻ የሚያወራርደው እሱ ነው። ስለዚህ ይጣላሉ። በጥሉ መካከል አንባቢው ስለ ምሕዋሩ፣ ስለ ጥላውና ስለ 10 ደቂቃው ሊያውቅ የሚገባውን ሁሉ ያውቃል፤ አስተማሪም ተማሪም የለም። ዛሬ ሰላሙ አራት ጥያቄ ብቻ ቀርቶታል፤ ሁለቱ ስለ ብር ናቸው።

ሥራ አስኪያጁን በተመለከተ ብዙ የምነግርሽ የለም። ክፉ ነበር፣ ክፋቱ ምክንያት አልነበረውም፤ አወጣሁት፣ ማንም አልናፈቀውም።

በአንድ ነገር ግን አሁንም አልስማማም። ስለ ሻይ አቅራቢዋ ልጅ «ይህችስ? ስም እንኳ የላት» ብለሻል። አዎን፣ ስም የላትም፣ አልሰጣትምም። ሁለት ጊዜ ትገባለች፣ ሻይ ታስቀምጣለች፣ በሁለተኛው ጊዜ ብርጭቆውን ኮምፒዩተሩ ላይ ልታደርግ ስትል ሁሉም ይጮሁባታል፤ አንባቢው ይስቃል፤ በቃ። ብዙ ጠባይ ያለው ክብ ገጸ ባሕርይ፣ አንድ ጠባይ ብቻ ያለው ጠፍጣፋ ገጸ ባሕርይ እየተባለ ስንማር ጠፍጣፋው ሁልጊዜ ጥፋት መስሎን አድገናል። ለሚያልፈው ሰው ሁሉ የልጅነት ታሪክና የተሰበረ ልብ ብንሰጠው ግን መጽሐፉ የልቅሶ ቤት ይሆናል፤ ኢንጂነሯም ከበር እስከ ጠረጴዛዋ ለመድረስ ሦስት ምዕራፍ ይፈጅባታል። ለዚህ ክርክር ዝግጁ ነኝ፤ እንዲያውም ናፍቆኛል።

አንድ ያልተፈታልኝ ነገር አለ። ጋሽ ወርቁ ሥራ ከያዘና ደብተሩ ከከበደ ወዲህ ኢንጂነሯ ቀለለችብኝ፤ በሦስቱ የመጨረሻ ምዕራፎች አንባቢው እሷን ትቶ የሽማግሌውን ደሞዝ የሚጠብቅ ይመስለኛል። ደሞዙ በመጨረሻ ይከፈለው ወይስ አይከፈለው የሚለውን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰረዝሁ። ሲከፈለው ተረት ይመስላል፤ ሳይከፈለው ሲቀር ደግሞ እኔ ራሴ ያንን ድርጅት የሆንሁ ይመስለኛል። የመጨረሻዎቹን 60 ገጾች ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሰው እጅ ልኬልሻለሁ። ከ9ኛው ምዕራፍ ጀምሪና፣ እሱና ኢንጂነሯ ደብተሩን ይዘው ካቡ ላይ የሚቀመጡበት ቦታ ስትደርሺ፣ ማንኛቸውን እያየሽ እንደሆነ ጻፊልኝ። እርሳስሽን ቅረጪ፤ ኅዳጉን ሆን ብዬ ሰፊ አድርጌ ነው ያሳተምሁት።

ልጆቹን ሳሚልኝ፤ እማማንም እጅ ነሥቻለሁ በያቸው።

ያኮረፈችው እህትሽ