የባለቤቴ ትንፋሽ ሲቆም የምሰማው እኔ ነኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የምጽፍላችሁ ከጅማ፣ ከሂርማታ ነው። ባለቤቴ የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ከተጋባን ጀምሮ ሲያንኮራፋ ነው የማውቀው። ሁላችንም «የደከመው ሰው እንቅልፍ ነው» ብለን ትተነው ነበር።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ማንኮራፋቱ መሀል ላይ ቀጥ ይል ጀመር። ቤቱ ጭር ይላል። ደረቱ ይታገላል፣ ትንፋሽ ግን የለም። በጨለማ ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ፤ አሥር፣ ሃያ፣ አንዳንዴ ሠላሳ እደርሳለሁ። ከዚያ ታንቆ እንደተለቀቀ ሰው አየሩን ስቦ ይባንንና መልሶ ያንኮራፋል። ጠዋት ስጠይቀው «ምን ሆኜ? ጥሩ ተኝቻለሁ» ይለኛል። ግን ራሱን ያመዋል፣ አፉ ኩበት ሆኖ ያድራል፣ ምሳ ቀርቦለት እንኳ ያንቀላፋል።

አማቴ «ልጄን ዱካክ ነው የሚያንቀው» ብለው ትራሱ ሥር ቢላዋ አደረጉለት። እዚህ ዱካክን የማያውቅ የለም። ጫት የለመደ ሰው ሳይቅም ያደረ ቀን ሌሊት ይጫነዋል፣ ያስጨንቀዋል። እኔም አምኜ ነበር። ልዩነቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ዱካክ የመጣበት ሰው ያየውን ጠዋት ራሱ ያወራል። ባለቤቴ ግን የሚያወራው ነገር የለውም። ሌሊት የሆነውን የማውቀው አጠገቡ የተኛሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሐኪም ቤት የወሰደን ደም ግፊቱ ነው። ሁለት ዓይነት መድኃኒት እየዋጠ አልወርድ አለ። ስንት ጊዜ ስንመላለስ ስለ እንቅልፉ የጠየቀን አልነበረም። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም አንገቱን በሜትር ለካችው። 44 ሴንቲ ሜትር። የወንድ አንገት ከ43 ካለፈ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚያቋርጥ በሽታ እንዳይሆን ማጠራጠር እንዳለበት ነገረችን። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አንቺስ፣ ሌሊት ምን ትሰሚያለሽ?» አለችኝ። በስልኬ ቀድቼው ነበርና አሰማኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችው።

በሽታው ስሊፕ አፕኒያ ይባላል። ሲተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፣ ምላስ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የአየሩ መንገድ ይዘጋል። የደሙ ኦክስጅን ሲወርድ አንጎል ደንግጦ ለቅጽበት ያነቃዋል። ትንፋሹ ይመለሳል፤ ሲተኛ ደግሞ ይዘጋል። ልብ ሌሊቱን ስትደነግጥ ታድራለች፤ ግፊቱም አልወርድ የሚለው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ሄደን ጣቱ፣ ደረቱና አፍንጫው ላይ መለኪያ ተደርጎለት አንድ ሌሊት ተኛ። በሰዓት 41 ጊዜ ትንፋሹ ይቆማል ወይም ያጥራል። ከ5 ጀምሮ በሽታ ነው፤ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል።

ሕክምናው አንድ አይደለም። ቀለል ያለ ሲሆን ክብደት መቀነስና በጎን መተኛት ይረዳል፤ ለአንዳንዱም የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚይዝ ጥርስ ላይ የሚገባ ነገር ይሠራለታል። ቶንሲሉ ያበጠ ልጅ ብዙውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። ለባለቤቴ መጀመሪያ የተባለው ጨብሲውን እንዲተው ነው። ጅማ ላይ ይህን መናገር ቀላል አይደለም። ቅሞ የዋለ ሰው ምርቃናውን ሰብሮ እንቅልፍ እንዲወስደው ይጠጣል፤ አልኮሉ ግን ያንኑ የላላ ጉሮሮ ይብስ ያላላዋል። አሁን አይጠጣም፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም።

ዋናው ሕክምናው ሲፓፕ የሚባል መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ኮሊን ሱሊቫን የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም ለዓለም ያስተዋወቀው ነው። አፍንጫ ላይ በሚታሰር ጭምብል አየር እየነፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ይይዘዋል። ጎረቤት «ኦክስጅን ተተከለለት» ብሎ ሊጠይቀን መጥቶ ነበር። ኦክስጅን አይደለም፤ ቤት ውስጥ ያለው አየር ነው። ዱባይ የምትሠራ እህቴ ናት የላከችልን፤ አየሩ በምን ያህል ግፊት እንደሚነፋ የወሰነችው ያችው ወጣት ሐኪም ናት። መጀመሪያ ሰሞን ጭምብሉን እንቅልፍ ላይ እያለ ይነቅለው ነበር። ሁለት ሳምንት ተጣላው። ከዚያ አንድ ጠዋት ራሱን ሳያመው ተነሳ። ያን ዕለት ቡና አፍልቼ አማቴን ጠራኋቸው፤ ቢላዋውንም ራሳቸው አወጡት።

ይህን የምጽፈው ለእኛ ቤት ብቻ ብዬ አይደለም። ባለቤቴ ከመታከሙ በፊት የጊቤን ቁልቁለት ሲወርድ መሪ ላይ ሸለብ እንዳደረገው የነገረኝ አሁን በቅርቡ ነው። ጭነቱን፣ ረዳቱን፣ ከፊቱ የሚሄደውን ሚኒባስ ሳስብ ሰውነቴ ይርዳል። መንጃ ፈቃዱን ሲያሳድስ ዓይኑን አይተውታል። ሌሊት እንዴት እንደሚተኛ ግን አልጠየቁትም። ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ቀን ያንቀላፋሃል ወይ? አጠገብህ የሚተኛ ሰው ትንፋሽህ ሲቆም ሰምቷል ወይ? ይህ በፎርሙ ላይ እንዲገባ ጋዜጣችሁ ይጠይቅልን።

ባሏ ወይም እናቷ እንዲህ የሚሆኑባት እህት ካለች ስልኳን አውጥታ ትቅዳው፤ ለሐኪሙም ታሰማው። ወፍራም ሰው ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ ቀጭንም ይይዛል፣ በዕድሜ ምክንያት የወር አበባዋ የቆመ ሴትንም ይይዛል።

አንድ ነገር ልጠይቅ። መብራት ሲጠፋ መሣሪያው ይቆማል፤ እኔም እንደ ድሮው ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ። በባትሪ የሚያሠራ አንባቢ ካለ እንዴት እንዳደረገው በዚሁ ገጽ ቢጽፍልኝ።

የሾፌር ሚስት
ከጅማ