ክረምቱ ወጥቷል፤ እንቁላል ያቆሙ ዶሮዎቻችሁስ?

ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለክቡራን ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ በክረምት እንቁላል ያቆሙ የጓሮ ዶሮዎችን ወደ መጣል ስለ መመለስ

ውድ ደንበኞቻችን፣

የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። መኖ ልትወስዱ ስትመጡ ሰሞኑን ደጋግማችሁ የምትጠይቁን «መቼ ነው የሚመለሱት? እንሽጣቸው ወይስ እንጠብቅ?» እያላችሁ ነው። መልሱ ለሁሉም ዶሮ አንድ አይደለም። እያንዳንዳችሁ ዶሮዎቻችሁን አይታችሁ እንድትወስኑ ነገሩን በጽሑፍ ማስረዳት መርጠናል።

አስቀድመን አንድ ነገር እናጥራ። ኢንተርኔት ላይ ስለ ክረምትና ስለ እንቁላል የምታገኙት ምክር በአብዛኛው ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጣ ነው። እዚያ በክረምት የቀኑ ርዝመት ወደ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ይወርዳል፤ ዶሮዋ የምታቆመው ብርሃን አጥታ ነው፤ ስለዚህ መፍትሔው አምፖል ይሆናል። በእኛ ክረምት ግን ቀኑ ይረዝማል። አዲስ አበባ ላይ በሰኔ የቀኑ ርዝመት 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ በታኅሣሥ ወደ 11 ሰዓት ተኩል ዝቅ ይላል። በሐምሌ ወይም በነሐሴ ያቆመች ዶሮ ቀኑ አጥሮባት አይደለም ያቆመችው። ያስቆማት ወይ መኖው፣ ወይ እርጥበቱ፣ ወይ ላባ መለወጧ፣ ወይ መታቀፏ፣ ወይ ሕመም ነው። አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ለዩ።

ዶሮዋን ማታ፣ ቆጥ ላይ ከሰፈረች በኋላ ያዟት፤ በዚያ ሰዓት አትበረግግም። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ደማቅና ሞላ ያለ ከሆነ እየጣለች ነው፣ ወይም ልትጀምር ነው። ደብዝዞና ተጨማድዶ ከሆነ አቁማለች። ቀጥሎ ከፊንጢጣዋ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ቀጫጭን የአጥንት ጫፎች ፈልጉና ጣቶቻችሁን በመሃላቸው አስተኙ። አንድ ጣት ወይም በግድ ሁለት ብቻ ካስገባ አቁማለች፤ ሦስት ካስገባ ትጥላለች። የምትጥል ዶሮ ፊንጢጣዋ ሰፊና እርጥብ ነው፤ ያቆመችው ደግሞ ጠባብና ደረቅ ነው። የደረቷን አጥንትም ዳብሱ። እንደ ቢላ ስለት ከወጣ ዶሮዋ ከስታለች፤ የሌላውን ነገር ሁሉ ትታችሁ ወደ መኖውና ወደ ጤናዋ ሂዱ። አቁማለች ያላችኋት ዶሮ ሦስት ጣት ካስገባች ግን እንቁላሏ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው፤ ወይ ጥሻ ውስጥ ትጥላለች፣ ወይ እየተበላ ነው። እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ድረስ ሳትለቁ ቤት ውስጥ አቆይታችሁ ተከታተሏት።

አሁን ክንፏን ዘርጉ። ከዳር በኩል ያሉት ረጃጅሞቹ ላባዎች አሥር ናቸው። ከመሃላቸው የጎደሉ ወይም ግንዳቸው ገና ጠቆር ብሎ በደም የተሞላ አጫጭር ላባዎች ካያችሁ ላባ እየለወጠች ነው፤ አልታመመችም። ለውጡ ከራስና ከአንገት ይጀምርና ወደ ደረትና ጀርባ ይወርዳል፣ ከዚያ ክንፍና ጅራት ይከተላል። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል። ላባ ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ስለሆነ፣ የዶሮዋ ሰውነት ላባውንም እንቁላሉንም ባንድ ጊዜ ማውጣት አይሆንለትም። በግድ እንድትጥል ማድረግ አትችሉም፤ ላባዋን ቶሎ እንድትጨርስ ግን ልትረዷት ትችላላችሁ። ፕሮቲኑ ከ16 እስከ 18 በመቶ የሆነ መኖ ስጧት። በላዩ ላይ በቀን ለአንድ ዶሮ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተቆላና የተፈጨ አኩሪ አተር ብትጨምሩ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። አኩሪ አተሩ የግድ መቆላት አለበት፤ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለው። ላባ በምትለውጥበት ጊዜ ደጋግማችሁ አትያዟት፤ አዲስ ላባ ሲነካ ያማል፣ ከተሰበረም ይደማል።

ለመሸጥ የምታስቡ ደንበኞቻችን እዚህ ላይ እንድትጠነቀቁ አጥብቀን እንጠይቃለን። በአብዛኛው ጥሩ ጣይ ዶሮ ላባ መለወጥ የምትጀምረው ዘግይታ ነው፤ ብዙ የክንፍ ላባ ባንዴ ትጥልና ቶሎ ትጨርሳለች። ደካማዋ ቀድማ ጀምራ አንድ አንድ እያለች ወራት ትፈጃለች። በነሐሴ መጨረሻ ተመልጣ ለዓይን የምታስጠላው ዶሮ ብዙ ጊዜ ከመንጋው የተሻለችው ናት። መሸጥ ያለባት ላባዋ ሳይነካ፣ ሰውነቷ ወፍሮ፣ ወራት ሙሉ ያልጣለችው ናት።

ዓመት ያልሞላት ቄብ ላባ ብትጥል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቄብ በመጀመሪያ ዓመቷ ሙሉ ላባ መለወጥ የለባትም። ውኃ ወይም መኖ ተቋርጦባት እንደሆነ መርምሩ። አንድ ቀን ሙሉ ውኃ ያጣች ዶሮ እንቁላል ታቆማለች፤ ከዚያ አልፎ ላባዋን ልትጥል ትችላለች። አሥር ዶሮዎች በቀን ከ2 ሊትር ተኩል እስከ 3 ሊትር ውኃ ይፈልጋሉ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ለዶሮዎቹ ብቻ የሚሆን አንድ ጀሪካን ለይታችሁ አስቀምጡ።

ላባዋ ሙሉ ሆኖ ያቆመች ዶሮ ስትሆን መጀመሪያ የምንጠረጥረው መኖውን ነው። እህል በሚወደድበት ክረምት የእንቁላል ጣይ መኖን ከፉርሽካ ጋር ግማሽ በግማሽ መቀላቀል የተለመደ ነው። ምን እንደሚያስከትል በቁጥር እንየው። አንድ ዶሮ በቀን 120 ግራም ገደማ ትበላለች። ሙሉው ጣይ መኖ ከሆነ ካልሲየሙ 3.8 በመቶ ያህል ስለሚሆን በቀን ከ4 ግራም ተኩል በላይ ታገኛለች። ግማሹ ፉርሽካ ሲሆን ግን የምታገኘው 2.3 ግራም አካባቢ ነው፤ ፉርሽካ ውስጥ ካልሲየም የለም ማለት ይቻላል። የአንድ እንቁላል ቅርፊት ብቻውን ከ2 ግራም በላይ ካልሲየም ይፈልጋል፤ ከበላችው ውስጥ ደግሞ ሰውነቷ የሚጠቀመው ግማሹን ያህል ነው። ጉድለቱን ከአጥንቷ እየሞላች ጥቂት ቀናት ትገፋለች፤ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ ከዚያ ታቆማለች። ጉልበት ሰጪነቱም ቢሆን ፉርሽካ የበቆሎን ግማሽ ያህል ነው፤ በብርድና በዝናብ ሰውነቷን ለማሞቅ ብዙ የምታወጣ ዶሮ ለእንቁላል የሚተርፋት የለም።

ስለዚህ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ፉርሽካውን ቀስ በቀስ እየቀነሳችሁ ወደ ሙሉ ጣይ መኖ ተመለሱ። ለአሥር ዶሮ በቀን 1.2 ኪሎ፣ በወር 36 ኪሎ አስቡ። ግማሹን ጠዋት፣ ግማሹን ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ስጡ። የእንጀራ ፍርፋሪና ጎመን አይከለከልም፤ ከዕለት ቀለቧ አሥር በመቶ አይለፍ። ጨው የበዛበት የወጥ ትራፊ ግን ይቅር።

መኖ በቤት የምታዘጋጁ ደግሞ ከመኖው የተለየ ዕቃ ላይ የኖራ ድንጋይ አስቀምጡ፤ ለአንድ ዶሮ በቀን አምስት ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። ዱቄቱን ሳይሆን የተሰበረ ስንዴ የሚያህለውን ምረጡ፤ ሆዷ ውስጥ ቆይቶ ቅርፊቱ በሚሠራበት በሌሊት ቀስ እያለ ይሟሟል። ማስቀመጫ ሰዓቱም ለዚሁ ሲባል ከቀትር በኋላ ነው። ለግንብ የሚቀባውን የተቃጠለ ኖራ በፍጹም እንዳትሰጡ፤ ያቃጥላቸዋል። የእንቁላል ቅርፊትም ይሆናል፤ ታጥቦ፣ ምጣድ ላይ ደርቆ፣ በደንብ ይሰበር፤ የእንቁላል መልክ እንዳይቀርለት።

ከክረምት የተረፈውን መኖ ሽቱት። የታመቀ ጓል፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ብናኝ፣ የምድር ቤት ሽታ ካለው ሻግቷል። በቆሎና የኑግ ፋጉሎ በተለይ ቶሎ ይሻግታሉ። ሻጋታው የሚተወው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ጉበት ይጎዳል፤ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ሽታው ይጠፋል እንጂ መርዙ አይጠፋም። ከጥሩ መኖ ጋር ቀላቅሎ መጨረስም መፍትሔ አይደለም። ይህን መኖ ጣሉት፤ ከእኛ የተወሰደም ቢሆን ጣሉት። አዲሱን ጆንያ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡና ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ጨርሱት።

ቤታቸውን በተመለከተ፣ ለዝናቡ ብላችሁ የጋረዳችሁትን ሸራና ላስቲክ አሁን አንሱ። ከውስጥ ጎንበስ ብላችሁ በዶሮዋ ቁመት ተንፍሱ፤ ዓይናችሁን ከቆጠቆጣችሁ ከኩሱ የሚወጣው አሞኒያ የተባለ ጋዝ አለ፣ እነሱ ደግሞ ቀን ከሌት ይተነፍሱታል። ርጥቡን ጉዝጓዝ ሙሉ በሙሉ ጥረጉና ወለሉን ሁለት ሦስት ቀን አድርቁ። ከዚያ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ሰጋቱራ ወይም የጤፍ ጭድ አንጥፉ። በየሳምንቱ አንድ እፍኝ ጨብጣችሁ ልቀቁት፤ ተጣብቆ ከቀረ ረጥቧል፣ ከተበተነ ደህና ነው። ማታ በባትሪ የቆጡን ሥር እዩ። ቀያይ ጥቃቅን ነፍሳት ካሉ ሌሊት ደማቸውን እየመጠጡ ነው፤ ቀን ዶሮዋ ላይ ብትፈልጓቸው ላታገኙ ትችላላችሁ። ቆጡን አውጥታችሁ በፈላ ውኃ እጠቡ፤ አመድና ደረቅ አፈር የተቀላቀለበት መታጠቢያ ገንዳም አድርጉላቸው።

የምትታቀፍ ዶሮ በቀላሉ ትታወቃለች፤ ከጎጆዋ አትነሳም፣ ላባዋን ትነፋለች፣ እጃችሁን ትነክሳለች። የሀበሻ ዶሮ ላይ የተለመደ ነው፤ ቦቫንስና ሎህማን በሚባሉት የፈረንጅ ዝርያዎች ላይ እምብዛም አይታይም። ጫጩት ካልፈለጋችሁ ከሥር አየር በሚያስገባ፣ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ ወይም የርብራብ ቤት ውስጥ ያለ ጉዝጓዝ ከሦስት እስከ አራት ቀን አቆዩአት፤ መኖና ውኃ ሳይጓደልባት። ሆዷ ሲቀዘቅዝ ትተወዋለች። ዘቅዝቆ ማንጠልጠልና ውኃ ውስጥ መንከር ያንገላታታል እንጂ አያስፈልግም።

እንቁላሉ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከላይ ወደ ታች ከወደቀ ሕመም ነው ብላችሁ ተነሡ። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንገት መጠምዘዝ ካለ ፈንግል ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ፤ ዶሮዎቹንም ገበያ አትውሰዱ። ደም የቀላቀለ ኩስ ደግሞ ርጥብ ጉዝጓዝ የሚያመጣው ኮክሲዲዮሲስ የተባለ የአንጀት በሽታ ምልክት ነው። ለመስቀል ከገበያ የተገዛ ዶሮ ከእናንተዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ከነበረ ለባለሙያው ንገሩት፤ አዲስ ዶሮ ሁልጊዜ ሁለት ሳምንት ለብቻው መቆየት አለበት።

ላሶታ የተባለውን የፈንግል ክትባት ለዶሮዎቻችሁ የምትሰጡ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ክትባቱ የሚበላሸው ውኃው ላይ ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋል። ለአንድ ሊትር ውኃ 2.5 ግራም ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት በጥብጡ፣ ዶሮዎቹን ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ውኃ አስጠሟቸው፣ ክትባቱን በጠዋት ስጡ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱ። አንድ ጠርሙስ ከእናንተ ዶሮዎች ቁጥር በላይ ስለሚሆን ከጎረቤት ጋር በአንድ ቀን ተካፈሉት፤ የተረፈው ለነገ አይቆይም። የታመሙ ዶሮዎችን ግን አትከትቡ።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ የብርሃን ነገር ይመጣል፤ ቀኑ እያጠረ ነውና። አምስት ዋት ኤልኢዲ አምፖል ለሁለት በሦስት ሜትር ቤት ይበቃል። ከማታው ይልቅ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስኪነጋ ማብራት ይሻላል፤ እስከ ማታው 12 ሰዓት 14 ሰዓት ብርሃን ይሞላል። ማታ አምፖሉ ድንገት ሲጠፋ ግን ቆጥ ሳይወጡ መሬት ላይ ይቀራሉ። ጭማሪውን በየሳምንቱ ግማሽ ግማሽ ሰዓት አድርጉት። መብራት እየሄደ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ባትሪ ከሌላችሁ አትጀምሩት፤ አንድ ቀን 14፣ አንድ ቀን 12 ሰዓት ከማድረግ የተፈጥሮው ብርሃን ይሻላል። 16 ሳምንት ያልሞላቸው ቄቦች ካሏችሁም ለብቻቸው ይሁኑ።

ምን ያህል ትጠብቃላችሁ? መኖና እርጥበት ያስቆማት ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት፣ የታቀፈችው ከጎጆዋ ከወጣች ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ ላባ የለወጠችው ደግሞ ላባዋ ከሞላ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ትፈልጋለች። የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ትናንሽ፣ ሸካራ ወይም ቅርፊት አልባ ቢሆኑ አትደንግጡ። ቅርፊት አልባውን ግን ቶሎ አንሱት፤ አንዴ ከቀመሱት እንቁላል መብላት ይለምዳሉ።

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ብዙ ሰው ያኔ መኖ ይቀንሳል። እባካችሁ አትቀንሱ። በጾሙ የቀነሳችሁት መኖ ለገና እንቁላል አልባ ያደርጋችኋል። ያልታጠበ እንቁላል ሹሉን ጫፍ ወደታች አድርጋችሁ ቀዝቃዛ ቦታ ካስቀመጣችሁት ሁለት ሳምንት ያለችግር ይቆያል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ በሦስት ሳምንት ለውጥ ካላያችሁ ወደ ሱቃችን ስትመጡ የዶሮዎቹን ዕድሜና ቁጥር፣ በቀን የምትሰጡትን መኖ በኪሎ፣ የኩሳቸውን ፎቶና ከምትመግቡት መኖ አንድ እፍኝ ይዛችሁ ኑ። አብረን እናየዋለን።

ከአክብሮት ጋር

የመኖና የታዳጊ ዶሮ አቅራቢዎቻችሁ